ቁጥሩ እውነት፣ ማስታወቂያው አሳሳች፦ በአይፒ68 ስልኮች ላይ የተወሰነው የአውስትራሊያ ጉዳይ

በጁን 2022 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሳምሰንግ የአውስትራሊያ ኩባንያ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት እንዲከፍል ወሰነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ቅጣቱ የመጣው ስለ ውሃ መከላከል በተነገሩ ማስታወቂያዎች ነው። ስልኮቹ አይፒ68 የሚል የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ ይዘው ነው የተሸጡት፤ ይኸውም በእነዚህ ስልኮች በ1.5 ሜትር ጥልቀት፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት ይችላሉ ማለት ነው። ክሱ ይህ ቁጥር ሐሰት ነው የሚል አልነበረም። ያስቀጣው ማስታወቂያዎቹ ቁጥሩ የማይለውን ነገር ለሸማቹ ማሳየታቸው ነው።

ስለ አቧራና ስለ ውሃ መከላከያ ደረጃዎች ብዙ ይጻፋል። አብዛኛው ሠንጠረዥ ነው፤ 4 ይህን ይችላል፣ 7 ይህን ይችላል ይላል። ሠንጠረዡን በቃሉ የያዘ ሰውም ስልኩን ባሕር ውስጥ ነክሮ፣ ማታ ቻርጀር ላይ ሰክቶ፣ ጠዋት የማይነሳ ስልክ ሊያገኝ ይችላል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን የአውስትራሊያውን ጉዳይ ያህል በግልጽ ያሳየ ሌላ ጉዳይ ስለማላውቅ ነው በዝርዝር ላየው የፈለግኩት።

ክዳኑ የቀረበት ስልክ

ነገሩ ከክሱ በፊት ይጀምራል። በ2014 የወጣው ጋላክሲ ኤስ5 አይፒ67 ነበር። የቻርጀር ማስገቢያው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ነበረችው። ቻርጅ ለማድረግ በጥፍር መክፈት፣ ሲያበቃም ጠቅ እስኪል መግጠም ያስፈልጋል። ስልኩ ራሱ ክዳኑ በደንብ መዘጋቱን አረጋግጥ እያለ ያስታውስ ነበር። በዓመቱ የመጣው ኤስ6 የውሃ መከላከያ ደረጃ አልነበረውም። በማርች 2016 ኤስ7 ገበያ ላይ ሲውል መከላከያው ተመለሰ፣ ደረጃውም ወደ አይፒ68 ከፍ አለ። ክዳኗ ግን አልተመለሰችም። የቻርጀር ማስገቢያው ክፍት ነው።

ክፍት ቀዳዳ ያለው ስልክ እንዴት ውሃ ይችላል? ብዙ ሰው በትክክል የማያውቀው ይህን ነው። ውሃው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። የታሸገው ከቀዳዳው ጀርባ ነው፤ ማስገቢያው ዙሪያውን በጎማ ቀለበት ተይዞ ከስልኩ አካል ጋር ተጣብቋል፣ ስለዚህ ውሃው ወደ ቦርዱና ወደ ባትሪው አያልፍም። ቀዳዳው የቤት በረንዳ ነው ማለት ይቻላል፤ ዝናብ ያገኘዋል፣ ሳሎኑ ግን ደረቅ ነው። ችግሩ የኤሌክትሪክ መግቢያው ያለው በረንዳው ላይ መሆኑ ነው።

ኢንጂነሮቹ እዚህ ላይ ያጠፉት ነገር የለም ብዬ አምናለሁ። ክዳኗ ራሷ ደካማ ነበረች፤ በተደጋጋሚ ስትከፈት ትላላለች፣ ትሰበራለች፣ ሰውም መዝጋት ይረሳል። ማሸጊያውን ተጠቃሚው ከማይነካው ቦታ ማድረግ የተሻለ አሠራር ነው። ነገር ግን አሠራሩ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ቀዳዳው ሳይደርቅ ቻርጀር አይሰካም። ስልኩ በባሕር ዳርቻ ሲታይ ደግሞ ይህ ቅድመ ሁኔታ ከሁሉም በላይ መነገር ያለበት ነገር ይሆናል።

ክሱ

የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ክሱን የመሠረተው በጁላይ 2019 ነው፤ በወቅቱ ሊቀ መንበሩ ሮድ ሲምስ ነበሩ። ኮሚሽኑ ከ300 በላይ ማስታወቂያዎችን ጠቅሶ፣ ስልኮቹ በማንኛውም ዓይነት ውሃ ውስጥ፣ ባሕርና መዋኛ ገንዳን ጨምሮ፣ በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ ሊነከሩ እንደሚችሉ ተደርገው ቀርበዋል አለ። ኩባንያው ለዚህ የሚያበቃ በቂ ሙከራ አላደረገም የሚልም ነበረበት። ከዚህ በላይ የሚያስገርም አንድ ነጥብ ቀረበ፦ ኩባንያው ራሱ በድረ ገጹ ላይ አንዳንድ አዳዲስ የጋላክሲ ሞዴሎችን ባሕር ዳርቻና መዋኛ ገንዳ ውስጥ መጠቀም እንደማይመከር ጽፎ ነበር። በውሃ የተበላሸባቸውን ሰዎች የዋስትና ጥያቄ አልቀበልም ብሏል የሚል አቤቱታም በክሱ ውስጥ ነበር። ኩባንያው በበኩሉ ማስታወቂያዎቹ ትክክል ናቸው፣ እከራከራለሁ አለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጉዳዩ በእምነት ቃል ተዘጋ። ኩባንያው ከማርች 2016 እስከ ኦክቶበር 2018 በመደብሮች ውስጥና በማኅበራዊ ሚዲያ የወጡ 9 ማስታወቂያዎች አሳሳች እንደነበሩ አመነ። ስልኮቹ ሰባት ናቸው፦ ኤስ7፣ ኤስ7 ኤጅ፣ የ2017ቱ ኤ5 እና ኤ7፣ ኤስ8፣ ኤስ8 ፕላስና ኖት 8። በአውስትራሊያ ብቻ ከእነዚህ 3.1 ሚሊዮን ያህል ተሸጠዋል። ኩባንያው ያመነው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ስልኩ የባሕር ወይም የመዋኛ ገንዳ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ እርጥብ እንደሆነ ቻርጅ ቢደረግ፣ ማስገቢያው ተበልቶ ከሥራ ሊወጣ የሚችልበት ዕድል ተጨባጭ ነበር።

ኮሚሽኑ የመረመራቸው አቤቱታዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ስልካቸው ውሃ ከነካው በኋላ ችግር እንደገጠመው የተናገሩ፣ ብዙዎቹም ስልኩ ጨርሶ መሥራት አቆመ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከ300 ወደ 9 መውረዱ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ክስ በእምነት ሲያልቅ ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ቅጣቱም የተመሠረተው በዚያ ላይ ነው።

68 ምን ይላል፣ ምን አይልም

የደረጃው ምንጭ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60529 የተባለው ስታንዳርድ ነው። ሁለት አኃዝ አለው። የመጀመሪያው ጠጣር ነገርን ይመለከታል፣ ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል፣ ከ0 እስከ 9 ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱ ቦታ ኤክስ ከተጻፈ በዚያ በኩል ደረጃ አልተሰጠም ማለት ነው፤ አይፒኤክስ7 የሚል ስፒከር ስለ አቧራ ምንም አልነገረንም።

የመጀመሪያውን አኃዝ በአጭሩ ልለፈው፣ አያከራክርምና። 2 ጣት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል፤ 4 የአንድ ሚሊሜትር ሽቦ አያስገባም፤ 5 አቧራ ትንሽ ሊገባ ይችላል፣ ሥራ ግን አያውክም፤ 6 አቧራ ጨርሶ አይገባም። የ6 ሙከራ እውነተኛ ሙከራ ነው። ዕቃው የታልክ ዱቄት በሚቦንበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ከውስጡ አየር እየተሳበ እስከ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ይህን ያለፈ ዕቃ የአገራችንን የበጋ አቧራ ይችላል፤ ማሸጊያው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ።

ሁለተኛው አኃዝ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ከ1 እስከ 6 ያሉት የሚንጠባጠብ፣ የሚረጭና በግፊት የሚመጣ ውሃን የሚመለከቱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከበታቹ ያሉትን ይጠቀልላል። 5 በ6.3 ሚሊሜትር አፍንጫ በደቂቃ 12.5 ሊትር፣ 6 በ12.5 ሚሊሜትር አፍንጫ በደቂቃ 100 ሊትር ውሃ ከየአቅጣጫው ይለቀቅበታል። 7 ላይ ሲደረስ ግን መንገዱ ይቀየራል። 7 እና 8 መነከር ናቸው። ዕቃው በዝግታ ይነከራል፣ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል፣ ይወጣል። ስታንዳርዱ በግልጽ እንደሚለው 7 ወይም 8 ያገኘ ዕቃ 5ን ወይም 6ን አልፏል ማለት አይደለም። ሁለቱንም ካለፈ ሁለቱም ይጻፋሉ፤ የሶኒ ኤክስፔሪያ ዜድ3 አይፒ65/68 ተብሎ የተጻፈበት ለዚህ ነው።

ይህን በጥምቀት ማየት ይቻላል። ጃን ሜዳ ላይ ጸበሉ በጎማ ሲረጭ ሕዝቡ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ያ ውሃ ግፊት አለው፣ ከሩቅ ይመጣል፣ ቀዳዳዎቹን በቀጥታ ይመታል። የዚያ ዓይነት ውሃ አኃዝ 5 ነው። ስልኩ ላይ 68 ብቻ ከተጻፈ፣ ስለዚያ ጎማ የተነገረ ነገር የለም። አምልጦት ሊተርፍ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይተርፋል፤ የተሞከረለት ግን ለዚያ አይደለም።

8 ደግሞ ከሁሉም የሚለይበት ነገር አለው። 7 የተወሰነ ነው፦ 1 ሜትር፣ 30 ደቂቃ። 8 የራሱ የሆነ ጥልቀትም ሰዓትም የለውም። ስታንዳርዱ ከ7 የከበደ ይሁን፣ ሁኔታውን አምራቹና ተጠቃሚው ይስማሙበት ነው የሚለው። ይህ ለፋብሪካ ዕቃ የተጻፈ ሐሳብ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከአምራቹ ጋር ተቀምጦ ጥልቀቱን ይዋዋላል። በስልክ ገበያ ግን የሚዋዋል ገዢ የለም፣ አምራቹ ብቻውን ይወስናል። ስለዚህ ኤስ7 በ1.5 ሜትር፣ አይፎን 11 ፕሮ በ4 ሜትር፣ አይፎን 12 በ6 ሜትር ሁሉም አንድ ቁጥር ነው የያዙት፤ አይፒ68። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሁለት ስልኮችን ማወዳደር አይቻልም። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ፣ ማለትም ስንት ሜትርና ስንት ደቂቃ የሚለውን ማንበብ የግድ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንምጣ። ሙከራው የሚደረገው በንጹህ ውሃ ነው፤ ጨው የለበትም፣ ክሎሪን የለበትም፣ ሳሙና የለበትም። የሚሞከረው አዲስ ናሙና ነው። በመነከር ሙከራው የውሃውና የዕቃው ሙቀት ልዩነት ከ5 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይደረጋል። ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ጉዳት አድርሷል ወይ ተብሎ ነው የሚመረመረው። ብረት መበላትን በሚመለከት ደግሞ ስታንዳርዱ ራሱ ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም ይላል፤ ዝገትና መበላት፣ የሚበሉ ኬሚካሎች፣ እርጥበት ወደ ጤዛ መቀየሩ፣ ፀሐይ፣ ተባይ፣ እነዚህ ሁሉ በየዕቃው የራሱ ስታንዳርድ ይታያሉ ብሎ ከወሰኑ ያወጣቸዋል።

እንግዲህ የአውስትራሊያዎቹ ስልኮች የሞቱት በመበላት ነው። አይፒ68 ስለማይመለከተው ነገር ማለት ነው።

ቀዳዳው ውስጥ ምን ተደረገ

ኤስ7 የድሮውን ማይክሮ ዩኤስቢ ማስገቢያ ይዞ ነበር፣ አምስት እግር ያለውን። የ2017ቱ ኤ5፣ ኤ7፣ ኤስ8 እና ኖት 8 ዩኤስቢ ሲ ናቸው። በዩኤስቢ ሲ ማስገቢያ መካከል ቀጭን ምላስ አለች፤ በሁለት ገጿ 24 እግሮች ተደርድረዋል፣ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከመሐል ወደ መሐል ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው ያለው። አንዲት የውሃ ጠብታ ብዙ እግሮችን በአንድ ጊዜ ትሸፍናለች።

የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ከቧንቧ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ መቶ እጥፍ ገደማ ነው። የመዋኛ ገንዳ ውሃ ጨው ባይበዛበትም ለጀርም መግደያ የተጨመረበት ክሎሪን ብረትን ያጠቃል። ስልኩ ከውሃ ወጣ፣ ውጪው በፎጣ ተጠረገ፣ ምላሷ ዙሪያ ግን ጠብታ ቀረ። ስልኩ ሲነካ ደረቅ ነው፤ ባለቤቱም ደርቋል ብሎ ያምናል።

ከዚያ ቻርጀሩ ይሰካል። ቢያንስ 5 ቮልት ወደ እግሮቹ ይመጣል። ውሃን ለመበተን ከ1.23 ቮልት ጀምሮ በቂ ስለሆነ 5 ቮልት ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ነው። በጠብታው ውስጥ ከኃይል እግሩ ወደ መሬት እግሩ ኤሌክትሪክ መሄድ ይጀምራል፣ የኃይሉ እግር ብረቱን ወደ ጠብታው ይለቃል። እግሮቹ የተለበጡት በስስ ወርቅ ነው። ወርቁ ራሱ ባይበላም ስስ ስለሆነ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ የጨው ክሎራይድ በእነሱ ሾልኮ ከሥር ያለውን ኒኬልና መዳብ ያገኛል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቅርፊት ይፈጠራል። እግሩ ይሰነጠቃል ወይም ቅርፊቱ ስለሸፈነው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ኤሌክትሪክ ባይኖርም ጨው ብረት ይበላል፣ ያ ግን ቀስ ያለ ነገር ነው። ቻርጀሩ ሲሰካ ሳምንታት የሚወስደው በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ስልኩ ጥገና ቤት ሲመጣ ባለቤቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ቻርጅ አልቀበል አለ። ሲከፈት ቦርዱ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚቀየረው የውስጡ ምልክት ነጭ እንደሆነ ሊገኝ ይችላል። ማሸጊያው የተባለለትን ሁሉ አድርጓል፣ ስልኩ ግን አይሠራም። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ስልኩ ሞቷል የሚለው ነገር ከነሙሉ ምስሉ ይህ ነው።

ብዙ ስልኮች ማስገቢያው ውስጥ እርጥበት ሲያገኙ የውሃ ጠብታ ምልክት አሳይተው ቻርጅ አንቀበልም ይላሉ። ይህ ምልክት ሲመጣ ብዙ ሰው ይበሳጫል፣ ደጋግሞ ይሰካል፣ ሌላ ገመድ ይሞክራል። እባካችሁ አትሞክሩ። ያ ምልክት ያለው ማስገቢያውን ለማዳን ነው።

ስልኩ ጨዋማ ወይም ክሎሪን ያለበት ውሃ ከነካው ደግሞ መጀመሪያ የሚደረገው ማድረቅ አይደለም፤ በንጹህ ውሃ ቀስ አድርጎ ማለቅለቅ ነው፣ አምራቾቹም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ውሃው ቢደርቅም ጨው አይተንም፤ ማስገቢያው ውስጥ ተቀምጦ የሚቀጥለውን እርጥበት ይጠብቃል። ከዚያ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ መታ መታ፣ ነፋስ ባለበት ማስቀመጥ፣ ሰዓታት መስጠት ነው። ገመድ አልባ ቻርጅ የሚቀበል ስልክ ከሆነ ውጪው ከደረቀ በኋላ በዚያ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፣ ማስገቢያውን አይነካምና። ጥጥ፣ ስንጥር፣ መርፌ ማስገባት ምላሷን ይሰብራል። ሩዝ ውስጥ መቅበርም ይቅር፤ የሩዝ ብናኝ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ አፕልም በ2024 ይህን አታድርጉ ብሎ ጽፏል።

የሥዕል ቃል

ፍርድ ቤቱ የተቀበለው አመክንዮ ለእኔ ከቅጣቱ መጠን ይበልጣል። ማስታወቂያ የሚናገረው በጽሑፍ ብቻ አይደለም። ስልክ በባሕርና በገንዳ ውሃ ውስጥ ሆኖ ከታየ፣ ተመልካቹ ይህን ማድረግ ይቻላል ብሎ መረዳቱ ትክክለኛ ንባብ ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል ንጹህ ውሃ ብቻ ብሎ መጻፍ ሥዕሉን አይሽረውም። አንድ ሰው ቢልቦርድ እያየ ሲያልፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ስታንዳርድ እንዲያስታውስ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም።

ተመሳሳይ ነገር ከዚህ በፊትም በኋላም ታይቷል። ሶኒ የኤክስፔሪያ ስልኮቹን ውሃ ውስጥ ፎቶ ሲያነሱ አሳይቶ ሸጦ ነበር። በ2015 ምክሩን ቀይሮ ስልኩን ውሃ ውስጥ አትጠቀሙበት፣ ሙከራው በቤተ ሙከራ የተደረገ ነው አለ። በአሜሪካ ገዢዎች በጋራ ከሰሱት፤ በ2017 በስምምነት ሲያልቅ ከ20 በላይ በሆኑ ሞዴሎች ጉዳት ለደረሰባቸው ሰዎች እስከ ዋጋው ግማሽ የሚደርስ ገንዘብ እንዲመለስ ተደረገ። በኖቬምበር 2020 ደግሞ የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ስልኮቹ ይህን ያህል ሜትር ይችላሉ ሲባል ይህ የሚሆነው በቤተ ሙከራ፣ በማይንቀሳቀስና በንጹህ ውሃ መሆኑ በግልጽ አልተነገረም። ሁለተኛ፣ ውሃ ይችላል ተብሎ የተሸጠ ስልክ በውሃ ሲበላሽ ዋስትናው አይመለከተውም ተባለ።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ በየትኛውም አገር ያለ ገዢን ይመለከታል። የስልክ ዋስትና ወረቀት ላይ የፈሳሽ ጉዳት አይሸፈንም የሚል መስመር የተለመደ ነው፣ አይፒ68 በተጻፈበት ስልክም ቢሆን። ሻጩ በውሃው እየሸጠ በውሃው ኃላፊነት አልወስድም ካለ፣ የትኛውን ቃሉን እንመን? ጣሊያኖች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ማየታቸው ተገቢ ነበር።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል። 14 ሚሊዮን ዶላር ለ3.1 ሚሊዮን ስልክ ሲካፈል ለአንዱ 4.5 ዶላር ገደማ ነው። ገንዘቡም ለመንግሥት የሚገባ ቅጣት ነው፣ ስልኩ ለሞተበት ሰው ካሳ አይደለም። በዚህ በኩል የሶኒው ስምምነት የተሻለ ይመስለኛል፤ ተጎጂው እጅ ገንዘብ ገብቷል። የአውስትራሊያው ጥቅም ኩባንያው ራሱ በፍርድ ቤት ፊት፣ በጽሑፍ፣ የትኛው ውሃ ምን እንደሚያደርግ ማመኑ ነው። ከዚያ በፊት ይህ ነገር በጥገና ሠራተኛና በደንበኛ መካከል የሚደረግ ክርክር ነበር።

በሌላ ውሃና በሌላ ሙቀት

እኛ ባሕር የለንም፣ ይህ አይመለከተንም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። የሆቴል መዋኛ ገንዳ ክሎሪን አለው። ፍል ውሃ ደግሞ ለስልክ ከባሕር ያላነሰ ባዕድ ነው፤ ማዕድን አለው፣ ትኩስ ነው፣ እንፋሎት አለው፣ ከእነዚህ አንዱንም አይፒ68 አልሞከረም። እንፋሎት ጠብታ ከማይገባበት ይገባል፣ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል።

የሙቀቱ ነገር በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉ ወገኖቻችን ይበልጥ ይጠቅማል። በዱባይ ወይም በጅዳ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ 50 ዲግሪ የደረሰ ስልክ 28 ዲግሪ ገንዳ ውስጥ ቢገባ፣ ውስጡ የታፈነው አየር ሲቀዘቅዝ ጫናው 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሻካራ ስሌት ነው፣ ግን ያ ጉድለት ከ0.7 ሜትር ተጨማሪ የውሃ ጥልቀት ጋር ይስተካከላል። ለ1.5 ሜትር የተሞከረ ማሸጊያ ገና ከላይኛው ውሃ ሳይወርድ ግማሽ ያህሉን አቅሙን አወጣ ማለት ነው። በሙከራው የ5 ዲግሪ ገደብ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም። የጋለን ስልክ ጥላ ውስጥ አቀዝቅዞ ነው ወደ ውሃ ማቅረብ።

ከስልክ ውጪ ያለውም ያው ነው። በየግቢው የሚሰቀለው ኤልኢዲ መብራት አይፒ65 ወይም 66 ይጻፍበታል፣ ክረምት ሲገባ ግን መስታወቱ በላብ ይሸፈናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም። ገመዱ የሚገባበት ማጥበቂያ ላልቶ ተትቷል፣ ወይም ገመዱ ከውጪ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተቀጥሏል፤ ውሃው በገመዱ ውስጥ እየተሳበ ይገባል። ደረጃው የተሰጠው ለሙሉው ዕቃ ነው፣ ሁሉም ክዳኑና ማጥበቂያው በተገቢው መንገድ ተገጥሞ። አንድ ብሎን ቢቀር ቁጥሩ አብሮ ይቀራል።

በመጨረሻ ያገለገለ ስልክ ለሚገዙ። ከእነዚያ ሰባት ሞዴሎች መካከል ኤስ7፣ ኤስ8 እና ኖት 8 በአገራችን በብዙ እጅ የዞሩ ስልኮች ናቸው፤ ብዙዎቹ ስክሪናቸው ወይም ባትሪያቸው ተቀይሯል። እነዚህን ስልኮች ለመክፈት የጀርባው መስታወት በሙቀት ይለቀቃል፣ ዙሪያውን የያዘው ማጣበቂያም ይቀደዳል። ውሃ የሚከላከለው ያ ማጣበቂያ ነው። ሲዘጋ በአዲስ፣ ለሞዴሉ በተቆረጠ ማጣበቂያ ካልተተካ ስልኩ ያምራል፣ ይሠራል፣ ውሃ ግን አይችልም። ያልተከፈተውም ቢሆን ዓመታት አልፈውታል፣ ወድቋል፣ ፀሐይ ላይ ውሏል። ሻጩ ውሃ ይችላል ካለ፣ ተከፍቶ ያውቃል ወይ፣ ማሸጊያው ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እርግጠኛ መልስ ካላገኛችሁ ያንን ስልክ እንደ አይፒ00 ቆጥራችሁ ያዙት።